ይሄ ጥቁር ኮምጣጣ ነገር ሁመር ነው ሮቃ? ምስሬንስ ለምን ድንጋይ አደረገብኝ?

ሽሮ_በሜሪላንድ (ክሩን የከፈተችው)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሰፈራችን ካለ የህንድ ሱቅ እርድና ምስር ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ «ይሄን ምስሩ ላይ ጨምሪበት፣ ታመሰግኚኛለሽ» ብሎ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጡብ የመሰለ ጥቁር ነገር ሸጠልኝ። ላዩ ላይ «ታማሪንድ» ይላል።

እንግዲህ ጾም ነው፣ ምስር ወጥ ልሠራ ተነሣሁ። ሽንኩርቴን አቁላላሁ፣ በርበሬዬን ጨመርኩ፣ ድፍን ምስሩን ከነውሃው ስከት ከዚያ ጡብ እንቁላል የሚያህል ቆርሼ አብሬ ጣልኩበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንተከተከ። ምስሩ ግን እምቢ አለ። ባለቤቴ አንዴ ጎረሰና «ዘንድሮ ጠጠር ነው እንዴ የምንጾመው?» አለኝ። በሁለተኛው ጉርሻ ደግሞ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ነክሶ ጥርሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ጉርሻ አልነበረም።

አሁን ጥያቄዬ። የዚህ ነገር አማርኛው ምንድነው? እንዴት ነው የሚሠራበት? እናቴ ደግሞ በስልክ «ኮምጣጣ ከሆነማ ቫይታሚን ሲ ነው፣ ለጉንፋንሽ በጥብጠሽ ጠጪው» ብላኛለች። እውነት ነው?

ቀፊራ_ሰፈር፦

አቦ ሮቃ ነው እኮ! ሮቃን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ድሬ ብታድጊ ኖሮ ይሄን ክር አትከፍቺም ነበር።

እኛ ቤት አያቴ ማታ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት በእጇ ታሸውና በነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ስኳር፣ ውሃ፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ስትግል፣ ውሻውም ሰውም ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ሮቃ ነፍስ ይመልሳል። ልጆች ሆነን ደግሞ ከነቅርፊቱ ገዝተን ኪሳችን ውስጥ ነበር የምንይዘው። እየሰበርን እንመጥጠዋለን፣ ፊታችን ይጨማደዳል፣ ግን አናቆምም። ጨው ነክሮ የሚበላም ነበር። እኔ ሚጥሚጣ አስነክቼም ሞክሬዋለሁ፣ አልዋሽም።

ተከዜ_ማዶ፦

ሁመር ነው ስሙ። ትግርኛውም እዚያው ነው፣ ሑመር። ሮቃ ኦሮምኛው ሆኖ በሐረርጌ በኩል አማርኛ ተናጋሪውም የለመደው ነው። ሁለቱም አንድ ዛፍ ነው፣ አትጣሉ።

የቆላ ዛፍ ነው። ተከዜ በረሃ ወርደሽ ሁሉ ነገር ደርቆ አመድ ሲመስል እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሲበዛ ትልቅ ነው፣ ሃያ ሜትር የሚያልፍ አለ። ቅጠሉ የግራር ዓይነት ደቃቅ ነው፣ ጥላው ግን እንደ ግራር አይሳሳም። እረኛም ግመል ነጂም ቀን ቀን የሚያርፈው ሥሩ ነው። ፍሬው የባቄላ ቆባ የሚመስል፣ የጎበጠ፣ ቡናማ ነው። ዘሩም ከባቄላና ከሽንብራ ወገን ነው፣ ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ። ቅርፊቱ ሲደርቅ እንደ እንቁላል ልጣጭ ይሰበራል። ውስጡ ያ የሚያጣብቅ ሥጋ፣ በቃጫ የተጠፈረ፣ መሀሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ፍሬ። ባለቤትሽ የነከሰው እሱን ነው፣ እግዜር ይማረው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

እኔ እስከዛሬ የቴምር ዓይነት ይመስለኝ ነበር 😅

ጅዳ_የቆየች፦

አልተሳሳትክም፣ ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተህ። ዐረቦቹ «ተምር ሂንዲ» ይሉታል፣ የህንድ ቴምር ማለት ነው። ታማሪንድ የሚለው የፈረንጅ ስም ከዚያ የወጣ ነው። ቴምር ግን አይደለም። የሚገርመው ደግሞ የህንድም አይደለም፣ መነሻው አፍሪካ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም «ታማሪንደስ ኢንዲካ» ሆኖ ቀረ። የራሳችን ዛፍ በሰው አገር ስም ሲጠራ ይኖራል።

እዚህ በረመዳን ማዕድ ላይ አይጠፋም። አሠሪዎቼ ቤት አንድ ትልቅ ጆግ በጥብጬ ፍሪጅ አስገባለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቴምሩና ከሾርባው ጋር ይቀርባል። ሱዳኖች ዐራዴብ ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ስቀምሰው «ይሄማ የቆላ አጎቶቼ የሚያመጡልን ሁመር ነው» ብዬ አልቅሻለሁ። በመጠጥ የምታለቅስ ሴት አሉ መሰለኝ።

ድስት_ጠባቂ (ሆቴል ኩክ ነኝ፣ አዲስ አበባ)፦

እስቲ ወደ ምስሩ እንመለስ፣ እህታችን ጦሟን አድራለች።

ጥፋትሽ ሁመሩን መጠቀምሽ አይደለም፣ ጊዜው ነው። ጥራጥሬ የሚበስለው ውስጡን አጣብቆ የያዘው ነገር በሙቅ ውሃ ሲላቀቅ ነው። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ያንን መላቀቅ ይከለክለዋል። ለዚህ ነው ቲማቲም ቀድሞ የገባበት ባቄላም አልበስል የሚለው። ሎሚም ያው ነው። ሁመር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ኮምጣጣ ነው። ሁለት ሰዓት አይደለም እስከ ፋሲካ ብትቀቅዪው አይበስልልሽም ነበር።

ህንዶቹ ሳምባር የሚሉትን የክክ ወጥ ሲሠሩ ልብ ብለሽ እዪ። ክኩን ለብቻው ቀቅለው ያፈርሱታል። አትክልቱን ለብቻው በሁመር ውሃ ያበስሉታል። ከዚያ ነው የሚያገናኙት። አንቺም ምስሩ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ፣ ድስቱ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨምሪ።

ጡቡን ደግሞ እንደዛው አይጣልም። ለአራት ሰው ወጥ የዋልነት ፍሬ ያህል (ከእንቁላል ያነሰ) ቁረሺ። ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በጣቶችሽ እሺው፣ ሥጋው ከፍሬውና ከቃጫው እስኪለይ። በወንፊት አጥልዪ፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንሽ። ታች የሚቀረውን ወፈር ያለ ቡናማ ጭማቂ ነው የምትፈልጊው። መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ጨምሪ፣ ቅመሺ፣ ከዚያ ወስኚ።

እዚያ አገር በጠርሙስ የሚሸጥ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረም አለ። እሱ ተቀቅሎ የተጠራቀመ ስለሆነ በጣም ኃይለኛ ነው። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይበቃል። እኔ አልወደውም፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸተኛል። ጡቡ ይሻላል፣ ከነቅርፊቱ ካገኘሽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የላቲኖቹ ሱቅ ከነቅርፊቱ ይኖራል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ በአሉሚኒየም ድስት አትሥሪበት። ብረቱን ይበላዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ህንዶች የናስና የመዳብ ዕቃ የሚወለውሉት በዚሁ ነው፣ ከዚያ አስቢው። አይዝጌ ብረት ወይም ሸክላ።

ደረቅ_እንጀራ፦

ኩኩ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ነው። ወጡም ኮምጣጣ ሆነ። ስንት ኮምጣጣ ይበላል? የህንዱ ምስር ከሩዝ ጋር ነው የሚበላው፣ ሩዝ ደግሞ የራሱ ጣዕም የለውም፣ ኮምጣጣ ይጠራል። የኛ ማዕድ አይጠራም። በርበሬና ቅመም ይዞ ከሦስት ቀን ሊጥ እንጀራ ጋር የመጣ ወጥ ሌላ አሲድ ምን ያደርግለታል?

ድስት_ጠባቂ፦

ትክክል ነህ ማለት ይቻላል። ቀይ ወጥ ላይ እኔም አልጨምርም። አልጫ ምስር ላይ ግን ሞክረው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዛ አድርገህ። አዚፋ ላይ ደግሞ በሎሚው ምትክ ግሩም ነው፣ ከሰናፍጩ ጋር ይግባባል። የሎሚ ኮምጣጣነት ስለታም ነው፣ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። የሁመር ከኋላው ጣፋጭ አለው፣ ምላስ ላይ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ግን አሳ። አዋዜ በሁመር ጭማቂ አላልተህ የተጠበሰ ቆሮሶ ላይ አፍስስበት። (አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩብኝ። ለመነኩሴ ጠይቁ።) ሶማሌዎቹ ለሳምቡሳ ማጥቀሻ የሚሠሩት ባስባስ አለ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በሁመር የተፈጨ። ጅግጅጋ በልቼው እስከዛሬ እየኮረጅኩት ነው። ታይላንዶች ፓድ ታይ የሚሉት ፓስታ መሳይ ምግብ ኮምጣጣነቱ ከዚሁ ነው። ሆቴል ቤት ስጋ ላይ የምናንጠባጥበው የእንግሊዞቹ ዎርስተር ሶስም ውስጡ ሁመር አለ። ስንቱ ሰው ሁመር ቀምሼ አላውቅም እያለ በልቶታል!

ቀፊራ_ሰፈር፦

ሚጥሚጣውን ስናገር ማን ነበር የሳቀው? ሜክሲኮዎች በርበሬ ነስንሰው ከረሜላ አድርገው ይሸጡታል። ድሬ ቀድማለች።

ነርስ_ከሃይፋ፦

ሽሮ_በሜሪላንድ፣ እናትሽን አክብሬ ልቃወማቸው ነው። ኮምጣጣ ሁሉ ቫይታሚን ሲ አይደለም። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ነው። ሁመርን የሚያኮመጥጠው ታርታሪክ አሲድ ነው፣ ወይን ውስጥ የሚገኘው። ከሥጋው ከ8 እስከ 18 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ፍሬው ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል እንጂ ይሄ አሲድ አይጠፋም። ስለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ጣፋጭም ጎምዛዛም የሚሆነው። ቫይታሚን ሲ ግን 100 ግራም ውስጥ 3.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ብርቱካን 53 አለው። ዘይቱና ከ200 ያልፋል። ለቫይታሚን ሲ ከሆነ ብርቱካን ግዢ።

ይህ ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። በ100 ግራም 628 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለው፣ ሙዝ 358 ነው። ማግኒዥየም 92፣ ካልሲየም 74፣ ብረት 2.8 ሚሊ ግራም። ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን 0.43 ሚሊ ግራም ነው፣ ይህም አዋቂ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ሲሦውን ያልፋል። አሰሩም 5 ግራም ነው።

ኢንተርኔት ላይ እዚህ ድረስ ጽፈው «ተአምረኛው ፍሬ» ብለው ያቆማሉ። እኔ ልቀጥል። ማን ነው 100 ግራም የሚበላው? አንድ ብርጭቆ ጭማቂ የሚወጣው ከ20 ግራም ነው እንበል። ያኔ ሁሉንም ለአምስት አካፍዪው። ፖታሲየሙ ከሩብ ሊትር ወተት ያንሳል። መቶ ግራሙ ውስጥ ደግሞ ከ60 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፣ አብዛኛው ስኳር። ኃይሉ 239 ካሎሪ ነው። በዚያ ላይ ቀፊራ_ሰፈር አያቱ ሁለት ጭልፋ ስኳር ይጨምሩበታል።

ቀፊራ_ሰፈር፦

ሦስት ነበር 🙈

ነርስ_ከሃይፋ፦

ይኸው! ስኳር ያለባችሁ ሰዎች መጠጡን ተዉትና ወጥና አሳ ላይ ተጠቀሙበት፣ እዚያ ትንሽ ነው የሚገባው።

ሌላም ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ኩላሊቱን የታመመና ፖታሲየም ቀንስ የተባለ ሰው በየቀኑ አይጠጣው። ሆድ ያለሰልሳል፣ ድርቀት ላለበት ጥሩ ነው፣ ለሌለበት ግን መጸዳጃ ቤት ቅርብ ይሁን። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፣ ሁመር ያለበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ደም ለማቅጠን አስፕሪን በየቀኑ የሚወስዱ አባቶች አሉን፣ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለጥርስ ደግሞ አሲዱ አይመችም። ልጆቹ ሁመር ሲመጥጡ ውለው ወዲያው በብሩሽ አይፈትጉ፣ መጀመሪያ ውሃ ይጉመጥመጡ።

ከሜክሲኮ የሚመጡ አንዳንድ የሁመር ከረሜላዎች ውስጥም እርሳስ ተገኝቶ አሜሪካ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸው ያውቃል። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፣ ማዕድኑን ነው። ፍሬው ጥፋት የለውም፣ ማሸጊያውና የሸክላ ዕቃው ቅብ ነው። ልጅ ያላችሁ ግን ከረሜላውን ተዉት።

የወንጂ_ልጅ፦

ነርሷ ካለች አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ስምጥ ሸለቆ ነው ያደግኩት፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ። ፎቶ ስነሣ አፌን የምከድነው ጥርሴ ስለበለዘ ነው። ታናሽ እህቴም እንደዛው። ጥርሳችንን ያበለዘው ጉድጓድ ውሃው ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው፤ ሁመር እሱን ከሰውነት ያወጣል የሚል ነገር ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?

ነርስ_ከሃይፋ፦

ይሄኛው ወሬ ብቻ አይደለም። ወንድሜ፣ ህንድ ውስጥም እንዳንተ አገር ፍሎራይድ የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ጥናት አለ። ተማሪ ልጆች በቀን 10 ግራም ሁመር ለ18 ቀን በሉ። በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ጨመረ።

ግን ቶሎ አትደሰት። አንደኛ፣ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ አጭር ጥናት ነው። ሁለተኛ፣ የበለዘ ጥርስ አይመለስም። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ በልጅነት፣ እስከ ስምንት ዓመት አካባቢ። ካደግክ በኋላ በርሜል ሙሉ ሁመር ብትጠጣ ቀለሙ ያው ነው። ሦስተኛውና ዋናው ውሃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ካለህ የሚጠጣውን ውሃ ቀይርለት። የዝናብ ውሃ፣ የተጣራ ውሃ፣ የሚቻለውን። ሁመሩን ከዚያ በኋላ ደስ ካለው ይብላ።

ላንተ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ከላይ ሊሸፍንልህ ይችላል። ፎቶም አፍህን ከፍተህ ተነሣ፣ የስንቱ ወንድሞቻችን ጥርስ ነው እንደዛ የሆነው።

የወንጂ_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ውሃው ገብቶኛል።

ተከዜ_ማዶ፦

ስለ ፍሬው ይሄን ያህል ስታወሩ ስለ ዛፉ ማንም አላነሣም። ሁመር ከፍሬ ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንዴ ከያዘ ግን የልጅ ልጅ ያበላል፣ መቶ ዓመት ማለፍ ለሱ ምንም አይደለም። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ፍሙ አይጠፋም። ችግሩም እሱ ነው፣ ከሰል አክሳዩ ይወደዋል። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ሦስት ትልልቅ ሁመሮች ነበሩ ወንዙ ዳር። ባለፈው ስወርድ አንዱ ቀርቷል። ሁለቱ በኩንታል ተሸጠዋል። ከሰሉ አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው፣ ሁመሩ ግን በየዓመቱ ነበር የሚለቀመው።

ተክሎ ቶሎ ማግኘት የሚፈልግ ካለ ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዳቀለ ችግኝ ይፈልግ፣ በሦስት አራት ዓመት ያፈራል። ቆላ መሆን አለበት ብቻ። ደብረ ብርሃን ልትተክሉ እንዳትነሡ።

ጅዳ_የቆየች፦

ተከዜ_ማዶ፣ ልቤን ነካኸው። የቀረው አንዱ የትኛው ነው? ጠማማው ነው?

ተከዜ_ማዶ፦

እንዴ! አንቺ የማን ልጅ ነሽ? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ደረቅ_እንጀራ፦

😂😂 ክሩ ዘመድ አገናኘ።

ሽሮ_በሜሪላንድ፦

ተመለስኩ! ትናንት እንደ ኩኩ ትዕዛዝ ሠራሁ። አልጫ ምስር ነው። ምስሩ ፍርስ ብሎ በሰለ። የዋልነት ያህል ቆርሼ ዘፈዘፍኩ፣ አሸሁ፣ አጠለልኩ። ሁለት ማንኪያ ጨምሬ ቀመስኩ፣ ሦስተኛ ጨመርኩ። አራተኛው ግን በዛ፣ ደረቅ_እንጀራ እንዳለው ከእንጀራው ጋር ተደራርቦ አፌን ሰበሰበው። ነገ በሩዝ ልሞክረው ነው።

ባለቤቴ መጀመሪያ በማንኪያ እያገላበጠ ፍሬ ፈለገ። ሲያጣ በላ። ሲጨርስ «ምን ነበር ያልሽው ስሙን?» አለኝ። ሁመር አልኩት። «ሮቃ ነው» አለኝ! ለካ የእናቱ ወገን ሐረርጌ ናቸው፣ ልጅ ሆኖ ጠጥቶታል፣ ጡቡን ስላላወቀው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር አልነገረኝም።

እናቴን ስለ ቫይታሚን ሲ ነገርኳት። «ታዲያ ብርቱካኑን ከሁመሩ ጋር ቀላቅለሽ ጠጪዋ» ብላ ዘጋችብኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሴት ልጄ ከወንፊቱ ላይ አምስት ፍሬ ለቅማ በቡና ስኒ አፈር ውስጥ ተክላ መስኮት ላይ አስቀምጣለች። ጠዋትና ማታ ታጠጣለች። እዚህ በረዶ ይጥላል፣ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ተከዜ_ማዶ፦

ውሃውን ታሳንስ፣ ይበሰብስባታል። በረዶውን አሁን አትንገሪያት። ከበቀለ ስኒውን በትልቅ ዕቃ ቀይሩላትና ቤት ውስጥ ታቆየው።

ቀፊራ_ሰፈር፦

ከሰባት ዓመት በኋላ ይሄን ክር ክፈቺውና ንገሪን። ስኳር ይዤ እመጣለሁ።